ተቀባይ ያጣ ወረፋ

በሱዳኑ የስደተኞች ጣቢያ በቱነይድባ ያሳለፍነውን የሚጠይቀኝ ሰው ስለ ንፋሱ፣ ስለ ጭቃውና ስለ ራሽኑ እንድነግረው ይጠብቃል። እሱንም እናገራለሁ። አስቀድሜ መመስከር የምፈልገው ግን ስለ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕና በውስጧ ማንም ሳያነሳቸው ስለተጠራቀሙ መልእክቶች ነው። ድንኳናችንን ንፋስ በቀደደው ሌሊት ከሁሉ በላይ ያስጨነቁን እነሱ ነበሩ።

የትግራይ ጦርነት ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲፈነዳ ሑመራ ነበርኩ። ለአንድ የሰሊጥ መጋዘን የሚዛን መመዝገቢያ ፕሮግራም ልሠራ ከአዲስ አበባ የሄድኩ ነኝ። ጊዜው የአዝመራ ስለነበር ከተማው በቀን ሠራተኛ ተጥለቅልቋል። ስልክና ኢንተርኔት ወዲያው ተቋረጠ። ከባድ መሣሪያ ከተማው ላይ መውደቅ ሲጀምር ሕዝቡ ነቅሎ ወደ ተከዜ ወረደ፤ እኔም አብሬ ወረድኩ። ሱዳኖቹ ሰቲት የሚሉትን ይህንኑ ወንዝ ተሻግረን ሃምዳይት ስንገባ በእጄ የቀረው ስልኬና ቻርጀሬ ነበር። እስከ ጥር ድረስ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰዉን ከድንበር አንስቶ በአውቶቡስ ወደ ቱነይድባ ማጓጓዝ ተጀመረ። ቱነይድባ ከገዳሪፍ ከተማ 136 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዙሪያው የማሽላ እርሻ ነው፤ አፈሩ ጥቁር ዋልካ። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲነካው ጫማ አውልቆ ያስቀራል። በዚያ ሜዳ ላይ ነጭ ድንኳን በመደዳ ተተከለልን። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ንፋሱን የሚመልስ ነገር አልነበረም።

ቤተሰብ የተበተነው መንገድ ላይ ብቻ አይደለም። እናት ሃምዳይት ቀረች፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ልጇ ቢመጣ እንዳያጣት ብላ አውቶቡስ ላይ አልወጣም አለች። ወንድም ኡም ራኩባ ደረሰው፤ በ1977ቱ ረሀብም የእኛን ሰው ያስጠለለ ቦታ ነው። ሌላው ከእኛ ጋር ቱነይድባ ወረደ። የሱዳን ቀይ ጨረቃና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በነፃ ስልክ ያስደውሉ ነበር፤ ለብዙ ሰው እፎይታ ሆኗል። ነገር ግን ስልክ የሌለው ዘመድ ጋ ምን ተብሎ ይደወላል? ትግራይ ውስጥ ያለው መስመር ሁሉ ዝግ ነው። መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ያለውም ስልኩን ለስንቅ የሸጠ፣ ወንዝ ላይ የጣለ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ያጣ ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ልጅ ከመንደሩ ይዞት በመጣው ላፕቶፕ መላ ዘየደ። አንድ የሱዳን ሲም ካርድ ያለው ስልክ፣ አንድ የሶላር ሰሌዳና ባትሪ፣ በሌሎቹ ሁለት ጣቢያዎችም ስልክ ያላቸው ጓደኞች። ሰው መልእክቱን ለጓደኞቹ ይነግራል፤ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ እኛ ይመጣል፤ ልጁ ላፕቶፑ ላይ የጻፈው ፕሮግራም ለይቶ በእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም ያስቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ የቤተሰቡ አባል ወደ ድንኳኑ ይመጣና ይነበብለታል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ የስልክ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ በላቲን ቢሆን 160 ነበር። ስለዚህ ሁሉም በ70 ፊደል ተናገረ። ቀኑን ከፊት እንዲያስቀምጡ ልጁ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ቀኑም ከ70ው ይቀነሳል። እናቶች ይህን ደንብ ከእኔ ቀድመው ለመዱት፤ ሰላምታውን ትተው ቀጥታ ወደ ነገሩ ይገቡ ነበር። እኔ በእጅ አጋዥነት ገባሁ። ግንቦት ላይ ልጁ ወደ ካርቱም ሲሻገር ላፕቶፑንና ሥራውን ለእኔ ተወልኝ።

አሁን ወደ ማሽኑ ልግባ፤ ያለዚህ የሆነው ነገር አይገባም። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ነገር ይፈጥራል። አንደኛው ኦብጀክት ነው፦ የቤተሰቡን ስም፣ የብሎክ ቁጥርና የአባላቱን ዝርዝር የያዘ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚኖር መዝገብ። ሁለተኛው የመልእክት ወረፋ ነው። ወረፋው ግን በፕሮግራሙ ውስጥ አይኖርም፤ የላፕቶፑ ስርዓተ ክወና የሊኑክስ ልብ በሆነው በከርነሉ ውስጥ ነው የሚኖረው። ፖስታ ቤት ሳጥን እንደ መከራየት ነው፤ ተከራዩ አገር ለቅቆ ቢሄድ እንኳ ሳጥኑ በቁጥሩ እንደተቆለፈ ይቆያል፣ ፖስተኛውም ደብዳቤ ማስገባቱን አያቆምም።

ልጁ የተጠቀመበት ቋንቋ ፓይተን ነው። ፓይተን የማያስፈልግ ኦብጀክትን ራሱ ይጠርጋል፤ ማንም የማይዘውን መዝገብ ከማህደረ ትውስታው ያወጣዋል። ቤተሰቡ ከዝርዝር ሲሰረዝ ኦብጀክቱ በዚህ መንገድ ይጠፋል። ወረፋውን ግን ጠራጊው አያውቀውም። ለወረፋው ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች አሉ። ክሎዝ የሚባለው እኔ የያዝኩትን እጀታ ብቻ ይለቃል፤ ወረፋው ከነስሙ፣ ከነመልእክቱ ይቀራል። አንሊንክ የሚባለው ነው ስሙን የሚሰርዘው፤ ያኔም ቢሆን ወረፋው የሚፈርሰው የመጨረሻው ያዥ ሲለቀው ነው። አንሊንክ ካልተባለ ፕሮግራሙ ቢዘጋም ወረፋው አይነካም፤ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ ይኖራል። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ክሎዝ የሚል አለ፤ አንሊንክ የሚል አልነበረም። ልጁን አልወቅስም። በጥቂት ሳምንት፣ በሰው ልቅሶ መካከል፣ ያለ ኢንተርኔትና ያለ መጽሐፍ የጻፈው ነው። እኔ በደህናው ጊዜ ደመወዝ ተከፍሏቸው ከሠሩ ሰዎች እጅ ይኸው ጉድለት ሲወጣ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የታየው ምልክት ግራ የሚያጋባ ነበር። አዲስ ቤተሰብ ስንመዘግብ ማሽኑ በዕቃው ላይ ቦታ የለም ብሎ ይመልሳል። ዲስኩ ግን ግማሹ እንኳ አልተያዘም። የሊኑክስ ልማድ እንዲህ ነው፦ ቅንብሩ ካልተነካ ከዚህ ዓይነት ወረፋ 256 ብቻ ይፈቀዳል፤ ሲሞላ የሚሰጠው መልስ ዲስክ ሲሞላ ከሚሰጠው ጋር አንድ ነው። በዝርዝራችን ላይ ያለው ቤተሰብ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። የቀሩት ወረፋዎች ወደ ሌላ ጣቢያ የተዛወሩ፣ ወደ ገዳሪፍ ለቀን ሥራ የወጡ፣ በደላላ እጅ ወደ ሊቢያ መንገድ የገቡ ሰዎች ናቸው። በዝርዝሩ የሉም፤ በከርነሉ ግን አሉ።

አጥፍቶ ማብራት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጸዳዋል። እንዲያ ያለ ምክር የሰጠኝም ሰው ነበር። ነገር ግን እነዚህ ወረፋዎች ዲስክ ላይ አልተጻፉም፤ መብራት ያለበት ማህደረ ትውስታ ላይ ናቸው። ላፕቶፑ አንዴ ከጠፋ ያልተነበበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሶላሩ ላይ ተሰክታ ለወራት ሳትጠፋ የቆየችው ለዚህ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ያ ሌሊት መጣ። ከሰዓት በኋላ በደቡብ በኩል ሰማዩ ቀላ፤ ሱዳኖች ሃቡብ የሚሉት አቧራ ሲቀርብ ከብቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ንፋሱ መጀመሪያ የድንኳኖቹን ካስማ ነቀለ። ቀጥሎ ሸራው ተቀደደ፣ ድስቱና ጀሪካኑ ሜዳው ላይ ተንከባለለ። ዝናቡ ሲከተል ዋልካው ሰውን ያዘ፤ ሕፃን የታቀፉ ሴቶች ከጉልበታቸው በታች ጭቃ ውስጥ ቆመው አየሁ። የእኛ ድንኳን አንድ ጎኑ ተገነጠለ። የሶላር ሰሌዳው ከምሰሶው ተላቆ ሄደ፤ በኋላ ተሰብሮ አገኘነው። ላፕቶፑን በራሽን ከረጢትና በፌስታል ጠቅልለን ከአንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ሥር ገባን። አብረውኝ የነበሩት አንድ ሽማግሌ መምህርና ሁላችን አደይ የምንላት ጎረቤታችን ናቸው።

ኡም ራኩባም በዚያው ክረምት ከንፋስና ከዝናብ አላረፈም። ስልካችን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘመድ ዘመዱን እየጠየቀ ነው፤ ማን ተጎዳ፣ ማን የት አደረ። መልእክቶቹ ስልኩ ላይ ይታያሉ፣ ወደ ወረፋው ግን አይገቡም። ፕሮግራሙ ደርቆ ቆሟል። አልተዘጋም፣ ስህተት አልጻፈም፣ ዝም ብሏል።

አደይ፣ «ልጄ፣ ምን ሆነች?» አለችኝ ላፕቶፑን እያየች።

«አንድ ቦታ ላይ እየጠበቀች ነው፣ አደይ» አልኳት።

እውነትም እየጠበቀች ነበር። እያንዳንዱ ወረፋ ካልተለወጠ በስተቀር አሥር መልእክት ነው የሚይዘው። አሥራ አንደኛውን የሚያስገባ ፕሮግራም፣ ከሞላ አልፈህ ሂድ ተብሎ ካልታዘዘ በቀር፣ አንድ ሰው መጥቶ አንዱን እስኪያነሳ በሩ ላይ ይቆማል። የእኛ ፕሮግራም በአንድ እጅ የሚሠራ ነው፤ እዚያ ሲቆም የቀረው ሕዝብ ሁሉ ከኋላው ይቆማል። ወረፋዎቹን አንድ በአንድ ስጠይቅ አሥር ከአሥር የሚል ቁጥር ያለው አንድ አገኘሁ። የሦስት ወንድማማቾች ነበር። መምህር ስማቸውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጆቹ ከሄዱ ሰንብተዋል።

ባትሪው 31 በመቶ ይላል። የማደርገውን ለመምህር ነገርኳቸው። የዚህ ዓይነት ወረፋ መልእክት ሳይነካ አይነበብም፤ አንብቦ መመለስ የለም። ያወጣው ሰው ተቀባዩ እሱ ሆነ ማለት ነው፣ ኃላፊነቱም የእሱ ነው። ስለዚህ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ፦ እያንዳንዱን ወረፋ ክፈት፣ ባዶ እስኪሆን አውጣ፣ ያወጣኸውን ዲስክ ላይ ጻፍና መጻፉን አረጋግጥ፣ ከዚያ ብቻ ክሎዝ፣ ከዚያ አንሊንክ። ቅደም ተከተሉ ላይ ጨክኜ ነበር። ዲስኩ መጻፉን ሳያረጋግጥ ስም የሚሰርዝ ፕሮግራም በዚያ ሌሊት ቢሆን ኖሮ የሰው ቃል ያጠፋል። ፋይሉን በፍላሽ ገለበጥኩና አደይ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ፋይሉ ብቻ አልበቃንም። ሶላሩ ሄዷል፤ ነገ ጠዋት ሰው ሲመጣ ፍላሽ ምን ይነበብለታል? መምህር ከተማሪዎቻቸው ደብተር አንድ ነበራቸው። እኔ ከስክሪኑ አነበብኩ፣ እሳቸው ጻፉ፣ አደይ የስልክ ባትሪ አብርታ ያዘች። ከላይ የተቀደደው ሸራ ይጮኻል። «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ስሙን ድገመው» ይሉኛል። በቀይ እስክሪብቶ ስም፣ በሰማያዊ መልእክት። ላፕቶፑ ሲጠፋ ብዙውን ጽፈናል፤ ያልደረስንበት ፍላሹ ላይ ቀረ፣ በኋላ ተነበበ።

የሦስቱ ወንድማማቾች ወረፋ ላይ ስንደርስ መምህር እስክሪብቶውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። ሁሉም ከአባታቸው፣ ከሃምዳይት ነው። በትግርኛ ነው የተጻፉት፤ ይዘታቸው ይህን ይመስላል። መጀመሪያው፦ ልጆቼ፣ ደህና ነኝ፣ መድኃኒቱን አግኝቻለሁ፣ ቃላችሁን ስደዱ። ቆየት ብሎ፦ ምነው ዝም አላችሁ፣ እርስ በርስ ተጣላችሁ ወይ? ከዚያ፦ የላክሁት ደርሷል ይሉኛል፣ ለምን አትመልሱልኝም?

ደርሷል ያልነው እኛ ነን። መልእክት ወረፋ ውስጥ ሲገባ ፕሮግራሙ ለላኪው ደርሷል ብሎ ይመልስ ነበር፤ በማሽን ቋንቋ ውሸት አይደለም። አባትየው ግን የሰሙት ልጆቻቸው ሰምተው እንደ ዘጉባቸው ነው። እኔ ስለዚህ ሥራ ያለኝ እምነት ሁሉ ከዚያ ሌሊት ይነሳል። ወረፋን ማጽዳት ሲባል ባለሙያው የሚያስበው ስለ ማህደረ ትውስታ ነው፤ ስንት ባይት ተለቀቀ፣ ስንት ቦታ ተገኘ። ከሁሉ የሚቀድመው የላኪው ነገር ነው። ተቀባዩ ሲጠፋ ላኪው ሊነገረው ይገባል። ሳይነገረው ወረፋው ቢቆይም ቢሰረዝም ለእሱ አንድ ነው፤ ወደ ማንም እየተናገረ አይደለም፣ አያውቅም።

ይህ የእኛ ድንኳን ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በስልክ የምንልከው አጭር መልእክትም ተቀባዩ ስልክ ከተዘጋ በኦፕሬተሩ ማዕከል ወረፋ ይጠብቃል። ስልኩ ኔትወርክ ላይ ሲመለስ ማዕከሉ ይነቃና ይልካል። የጥበቃው ዕድሜ በደረጃው እስከ 63 ሳምንት ሊደርስ ይችላል፤ ኦፕሬተሮች ግን በልማድ ከዚያ በብዙ የሚያንስ ጊዜ ይወስኑበታል። ጊዜው ሲያልፍ ይጣላል፣ የመድረሻ ማረጋገጫ ያልጠየቀ ላኪም ምንም አይሰማም። ሱዳን ውስጥ ጥቅምት 15 ቀን 2014 መፈንቅለ መንግሥቱ ሲደረግ ኢንተርኔት ተቆርጦ እስከ ኅዳር 9 ቆየ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 የካርቱሙ ጦርነት ተነሳ፤ ጥር 2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ የአገሪቱ ዋና ዋና የስልክ መስመሮች አንድ በአንድ ጨለሙ። በእነዚያ ጊዜያት ገዳሪፍ ላለ ዘመዱ መልእክት እየላከ መልስ ሲያጣ የተቀየመ ስንት ሰው ይኖር ይሆን?

ዛሬ የምሠራባቸው ስርዓቶች ከዚያች ላፕቶፕ የበለጠ ያውቃሉ። ከእነሱ አንዱ በሆነው በራቢት ኤምኪው ተጠቃሚው ሲሄድ ወረፋው አብሮ እንዲፈርስ ማዘዝ ይቻላል፤ ለወረፋም ለመልእክትም ዕድሜ መወሰን፣ ዕድሜው ያለፈውንም ወደ ሌላ ማቆያ ማዞር ይቻላል። ኤምኪውቲቲ የሚባለው ፕሮቶኮል በ2011 ዓ.ም. በወጣው አምስተኛ ስሪቱ የተቋረጠ ደንበኛ ወረፋ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅለት የሚወስን ቁጥር ጨመረ፤ ከዚያ በፊት ደረጃው ራሱ ገደብ አልነበረውም። መሣሪያው ሞልቷል። ቁጥሩን የሚመርጠው ግን ሰው ነው፤ ስንት ቀን ዝም ያለ ሰው ነው የሌለ የሚባለው? እዚህ ላይ የቱነይድባው ትምህርት አይለቀኝም። ወረፋቸውን ለረጅም ጊዜ ያልነኩ ሰዎች በዚያው ጣቢያ፣ በወባ ተኝተው ተገኝተዋል። ዝም ማለታቸው አለመኖራቸው አልነበረም።

ስለዚህ ከንፋሱ በኋላ ደብተሩን ይዘን ከብሎክ ተወካዮች ጋር ድንኳን ለድንኳን ዞርን። በጊዜ ብዛት ብቻ የማንንም ወረፋ አልሰረዝንም። ጎረቤት ተጠየቀ፣ የራሽን ካርዱ ማን ጋ እንዳለ ተጠየቀ። ያለ ሰው መልእክቱ ተነበበለት። የተዛወረው ወደ ገባበት ጣቢያ ተላከለት። መሄዱ የተረጋገጠው ሰው ወረፋ ከመፍረሱ በፊት ለላኪው አንድ መልእክት ይሄዳል፤ በ70 ፊደል ውስጥ እንዲገባ መምህር ቃሉን መረጡ፦ ከዚህ ወጥተዋል፣ ቃልዎ አልደረሳቸውም፣ በእጃችን አለ። ፕሮግራሙም ተለወጠ። ደርሷል ማለት ቀረ፤ ወረፋ ውስጥ ሲገባ ተቀምጧል፣ ሲነበብ ተነቧል ይላል። የቤተሰቡ ኦብጀክት ከዝርዝር ሲወጣ ወረፋው በዚያው መስመር ይራገፋል፣ ዲስክ ላይ ይጻፋል፣ ይሰረዛል። በር ላይ መቆምም ቀረ፤ ወረፋ ሞልቶ ከተገኘ ስሙ በወረቀት ላይ ይወጣና ተወካዩ በእግሩ ሄዶ ያያል።

ለሃምዳይቱ አባት የሄደውን መልእክት የተየብኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዚያው ቀን መጣ። አልተቆጡም። የጠየቁት ልጆቻቸው መቼ እንደወጡ ነው። ልጆቹ ራሳቸው የመውጫ ቀናቸውን ለማንም አልተናገሩም፤ ከደላላ ጋር የሚሄድ ሰው አይናገርም። ደብተሩ ግን ፍንጭ ሰጠ። በወረፋው ያደረው የመጀመሪያ መልእክት የግንቦት 3 ነበር፤ ከዚያ በፊት የመጣው ሁሉ ተነስቷል። ከእሱ በፊት የነበረው ሚያዝያ 28 የተላከ ነው። እንግዲህ ወንድማማቾቹ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ድንኳኑ የመጡት ከሚያዝያ 28 ወዲህ ነው፤ ከግንቦት 3 በኋላ አልመጡም። የጎረቤት ወሬ ሰኔ ላይ ነው የወጡት ይል ነበር፤ ደብተሩ ግን ከዚያ ቀድመው ወጥተው ሊሆን እንደሚችል አሳየ። አባትየው የጠፉ ዘመዶች ፍለጋ ወደሚመዘገብበት ጠረጴዛ ሄደው ሦስቱን ስም በዚያች ሳምንት አስመዘገቡ።